ሦስት ገጽ ብቻ

እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ የተመለሰው የእሪ በከንቱ ሰው ቤቱ ሳይገባ የወይዘሮ ጥሩነሽን ገመና አነበበ።

ወረቀቱ በአሥራ ሰባት ቦታ ተለጥፏል። በመብራት ምሰሶ፣ በወፍጮ ቤቱ በር፣ በሱቆቹ ቆርቆሮ ላይ፤ አንዱማ በራሷ በጥሩነሽ አጥር ላይ። ከላይ በትልልቅ ፊደል «ከሳሿን እወቋት» ይላል። ከሥሩ ግማሽ ገጽ የሚሆን የኮምፒውተር ጽሑፍ አለ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የሰባት ዓመት ልጇ ሲሞትባት አእምሮዋ ታውኮ አራት ወር ተኝታ መታከሟን፣ ያኔ ምን ትናገር እንደነበር፣ የምትወስደውን መድኃኒት ሳይቀር ይዘረዝራል።

ኢንስፔክተር ተናኘወርቅ ስትደርስ ከአሥራ ሰባቱ አሥራ አራቱ ተገንጥለዋል። የገነጠሏቸው የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። አንዷ የነጠላዋን ጫፍ በውኃ ነክራ ምሰሶውን ስትፈገፍግ አገኘቻት።

«እናቴ፣ ማስረጃ እኮ ነው፤ አይንኩት» አለቻት።

ሴትዮዋ ዞር ብላም አላየቻት። «ማስረጃሽን ውሰጂ። ነውሩን ግን እዚህ አናሳድረውም።»

ተናኘወርቅ አራዳ ተወልዳ አራዳ ያደገች ናት። በሃያ ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ ስርቆቱንም ደሙንም አይታለች። እንዲህ ያለ ወንጀል ሲገጥማት ግን የመጀመሪያዋ ነበር፤ የተሰበረ በር የለ፣ የቆሰለ ሰው የለ።

የቀሩትን ሦስቱን ወረቀቶች ረዳቷ ሳጅን ሚናስ በጥንቃቄ ላጣቸው። «ሌባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለ። «ሌባ የሰረቀውን ይዞ ይሮጣል። ይኼኛው ለሕዝብ አደለው እኮ፣ ኢንስፔክተር።»

ጥሩነሽን ያገኟት ቤቷ ውስጥ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ነጭ ቀሚሷን አላወለቀችም፤ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ነች። ሁለት ቃል ተናግራ ታስላለች፣ አስላ ስትጨርስ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ሠላሳ ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ስትጠርዝ ኖራለች። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ የማሽን ማጠቢያውን ኬሚካል ስትስብ ሳንባዋ ተበላ። አምና የካሣ ክስ መሠረተች።

«ከሳሽ ሲሉኝ ገንዘብ የፈለግሁ ይመስላቸዋል» አለች። «እዚያ ክፍል ውስጥ አሁንም አሥራ አንድ ሰው አለ። ዳኛው ክፍሉ አየር ይኑረው ብሎ እንዲፈርድ ነው የምፈልገው። በእርቅ ጨርሺ ሲሉኝ እምቢ ያልሁትም ለዚህ ነው። ዓርብ ዕለት ለጠበቃዬ በማያሻማ ቃል ነግሬዋለሁ።»

«ይህ ወረቀት ከየት ሊወጣ ይችላል፣ እትዬ ጥሩነሽ?»

«ከሕክምና ካርዴ ነዋ! ድርጅቱ ሙሉ ካርዷ ይቅረብልን ብሎ አመለከተ። ዳኛው ካርዱን ከክሊኒኩ በታሸገ ፖስታ አስመጥቶ ብቻውን አየው። ከዚያ ስለ ሳንባዬ የሚያወሩት ሦስት ገጾች ብቻ ለክርክር ይቅረቡ፣ ሌላው የታካሚዋ ገመና ነው፣ ይመለስ ብሎ አዘዘ። ተመለሰም። በሕግ የተከደነውን ማን እንደከፈተው እናንተ ንገሩኝ።»

ከተላጡት ወረቀቶች አንዱን ተቀብላ ፊቱን ሳታይ ጀርባውን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ወደ አፍንጫዋም አስጠጋችው።

«የዱቄት ሙጫ ነው» አለች። «እኛ የምንጠርዝበት።»

ተናኘወርቅና ሚናስ ተያዩ።

ተናኘወርቅ ልትወጣ ስትል ጥሩነሽ ጠራቻት። «ልጄ፣ አንብበሽዋል?»

«ሥራዬ ስለሆነ።»

«እንግዲያስ ከዚህ በኋላ ያነበብሽውን እርሺና የለጠፈውን አስታውሽ።»

የጥሩነሽ ጠበቃ አቶ ዮኤል ቢሮው ቴዎድሮስ አደባባይን ቁልቁል ከሚያይ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት ሲያገኙት ወረቀቱን አይቶ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ።

«ይህ አረመኔነት ነው! ደንበኛዬ እንደ እናቴ ናት።»

«ይህን ገጽ ከዚህ በፊት አይተውታል?»

«በፍጹም። እንዴት ብዬ አያለሁ? ካርዱ ከክሊኒኩ ወደ ዳኛው፣ ከዳኛው ወደ ክሊኒኩ ነው የሄደው። እኔም፣ የድርጅቱም ጠበቃ፣ ያየነው ሦስቱን ገጽ ብቻ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ሰው መክሰስ ሥራዬ ነው፤ ያለ ማስረጃ ግን አልከስም። ብቻ ይህ ነገር ማንን ይጠቅማል ብለው ይጠይቁ። ሙሉ ካርዷን የፈለገው ማን ነበር?»

«ቅዳሜና እሁድ የት ነበሩ?»

«ቅዳሜ እዚሁ። እሁድ ከንጋቱ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልምምድ ነበረን። ሠላሳ ሰው ይመሰክርልኛል።»

ሚናስ ደረጃውን ሲወርዱ «ሰውየው ልቡ ተነክቷል» አለ።

የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሙስዓብ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለው ግቢ ተቀበላቸው። የጥረዛውን ክፍል ሊያሳያቸው ራሱ በሩን ከፈተ። የኬሚካሉ ሽታ የተናኘወርቅን ዓይን አስነባ። ጥግ ላይ ባለ ባልዲ ውስጥ የዱቄት ሙጫ ተበጥብጧል።

«ካርዷን መጠየቃችን እውነት ነው» አለ ሙስዓብ። «ሳሉ ሥራ ከመግባቷ በፊት ነበረባት ወይ ብለን ለማወቅ ነው። በሕግ ጠየቅን፤ ዳኛው ከለከለን፤ በቃ። እኔ ክሱን ማሸነፍ እፈልጋለሁ። በሞተ ልጅ ግን አልሟገትም። የእኔም ልጆች አሉ።»

«እሁድ ንጋት ላይ የት ነበሩ?»

«ከዓርብ ጀምሮ አዳማ። የእህቴ ልጅ ኒካህ ነበር። እሁድ ማታ ነው የተመለስሁት።»

«የጥረዛው ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«ጥበቃው ጋ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ተዘግቶ ዛሬ ነው የተከፈተው።» ትከሻውን ሰበቀ። «ደግሞስ ለምን ብዬ? እርቁን ነገ ማክሰኞ ልንፈራረም እኮ ነው።»

ተናኘወርቅ ይህችን በማስታወሻዋ ያዘች። ጥሩነሽ ዓርብ ዕለት እምቢ ብያለሁ ብላለች። ወይ ይህ ሰው ይዋሻል፣ ወይ የሚያውቀው ነገር አለ።

ሚናስ የአዳማውን ነገር አጣራ። ከኒካሁ ላይ የተነሡ ፎቶግራፎች ነበሩ፤ ሰውየው ቅዳሜም እሁድም አለባቸው። የጥረዛው ክፍል ቁልፍም ከጥበቃው ኪስ አልወጣም።

የሙጫው ነገር ደግሞ ከሰዓት በኋላ በሌላ በኩል ተፈታ። ሚናስ ከአደባባዩ ወረድ ብሎ «የሚከራይ ቤት» የሚሉ ማስታወቂያዎችን በየግድግዳው የሚለጥፍ አታክልቲ የሚባል ጎልማሳ ይዞ መጣ። ባልዲውንም ጭምር።

«የዱቄት ሙጫ ነው የምጠቀመው፤ ከሱቅ ሙጫማ ቤቱን ራሱን መግዛት ይረክሳል» አለ አታክልቲ። «አዎ፣ የእሪ በከንቱን እኔ ነኝ የለጠፍሁት። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰው በመኪና መጥቶ የታሸገ ፖስታ ሰጠኝ። እሁድ ገና ሳይነጋጋ ለጥፍ አለኝ።»

«ምን እንደሚል አላየህም?»

«እመቤቴ፣ ስለጥፍ አላነብም። የምለጥፈውን ሁሉ ባነብ ሥራዬ መቼ ያልቃል?» ከዚያ ሳቁ ጠፋ፤ አንገቱን ደፋ። «ትናንት ከሰዓት ሰው ሲያወራ ሰማሁ። እናቴ ብትሆንስ አልሁ። ራሴ ልመጣ ነበር፤ ፈራሁ።»

«ሰውየውን ብታየው ትለየዋለህ?»

«ደህና የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ። ባየው አልስተውም።»

ተናኘወርቅ ማታውን ወረቀቱን ፊቷ ዘርግታ ተቀመጠች። ያነበበችውን እንድትረሳ ተነግሯታል፤ ፊደሉን ግን ማየት አለባት። አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው። «ኀይለኛ ሐዘን ደርሶባት» ይላል። ዛሬ በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ሁሉ እጁ ላይ በቀረበው ሀ ነው የሚጽፈው። ይህቺን ኀ ፈልጎ የሚያወጣ ስንት ሰው አለ?

በማግሥቱ ወደ ሠራተኛ ሰፈር መውረጃው ላይ ወዳለው አሮጌ ክሊኒክ ሄዱ። የካርድ ክፍሉ በር ላይ «ኀሙስ ከሰዓት በኋላ አገልግሎት የለም» የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ያችው ኀ። ሚናስ ክንዷን በክርኑ ነካ አደረጋት።

የካርድ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ነጋሽ ስድሳ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል። ካፖርታቸው አሮጌ ነው፣ ክራቫታቸው ግን የተተኮሰ። ከኋላቸው መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ድረስ በካርድ ተሞልቷል።

ተናኘወርቅ ወረቀቱን አቀበለቻቸው። አቶ ነጋሽ የመጀመሪያውን መስመር እንዳዩ ገለበጡትና ጀርባውን ወደ ላይ አድርገው አስቀመጡት።

«አያነቡትም?»

«የታካሚ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ይህን በዚህ መንገድ ለማንበብ ሥልጣን የለኝም።»

«የወይዘሮ ጥሩነሽ ካርድ ከዚህ ነው የወጣው?»

«እንዲህ የምትባል ታካሚ አለች ወይም የለችም ልልዎት አልችልም፣ ኢንስፔክተር።»

ሚናስ ትዕግሥቱ አለቀ። «አባቴ፣ ፖሊስ እኮ ነው የሚጠይቅዎት! ይህን ጽሑፍ እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ፤ ድምፃቸው ግን አልተለወጠም። «ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚህ ቆሜያለሁ። በየዘመኑ የመጣ ባለሥልጣን፣ ባል፣ አማት፣ ጋዜጠኛ የሰው ካርድ ጠይቆኛል። ከታካሚው ፈቃድ ወይም ከዳኛ ትእዛዝ ውጭ አንድ ቅጠል ያገኘ የለም። ለእርስዎም አልጀምርም።»

ከበሩ ውጭ ሚናስ «እሱ ነው» አለ። «ፊደሉ የሱ ነው፣ ካርዱ በእጁ ነው፣ ፊቱም ቀልቷል። ክፍሉን እንፈትሽና ካርዱን እንውሰድ።»

ተናኘወርቅም ጠርጥራቸዋለች። መፈተሽም ትችል ነበር። ነገር ግን የጥሩነሽን ካርድ ሳትጠይቃት ገልጣ ብታነብ፣ ከለጠፈው ሰው የምትለየው በደንብ ልብሷ ብቻ ነው።

«የካርዱን ባለቤት እንጠይቅ» አለች።

ጥሩነሽ ነገሩን አዳመጠች። «አንዱን ገጽ ብቻ» አለች በመጨረሻ። «ሰው ሁሉ ያነበበውን። ሌላውን ገጽ እንዳታዪው።»

«ቃሌ ነው።»

«ቃል አልፈልግም። ጻፊው።»

ተናኘወርቅ ጻፈች፤ ጥሩነሽ ሁለት ጊዜ አንብባ ፈረመች። ብዕሩን ስትመልስ ጥቂት አሰበች። «እስካሁን ሳላነብ ነበር የምፈርመው። ጠበቃዬ ስንት ወረቀት አስፈርሞኛል መሰለሽ።»

አቶ ነጋሽ የፈቃዱን ወረቀት መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡ። ፊርማውን ከካርዱ ፊርማ ጋር አስተያዩ። ከዚያ ካርዱን አወጡና የቀሩትን ገጾች በሁለት ወፍራም ካርቶን ግራና ቀኝ ሸፍነው፣ የተፈቀደውን አንድ ገጽ ብቻ ገልጠው አቀረቡላት።

ተናኘወርቅ የተለጠፈውን ወረቀት ከጎኑ አድርጋ መስመር በመስመር ተከተለች። ቃሉ አንድ ነው። ግን ካርዱ በነርስ እጅ፣ በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ «ሀይለኛ ሃዘን» ይላል።

«አቶ ነጋሽ፣ ካርዱና ይህ ወረቀት ፊደላቸው ይለያያል።»

አሁን ሽማግሌው የተለጠፈውን ወረቀት አነሡ። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ሲጨርሱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«ኀይል በብዙኃኑ ኀ ነው፤ ሐዘን በሐመሩ ሐ» አሉ ቀስ ብለው። «የቄስ ተማሪ ነበርሁ። የተሳሳተ ፊደል እንዳለ መገልበጥ አልችልም። ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

ሚናስ አንድ እርምጃ ወደፊት ራመደ። ተናኘወርቅ በእጇ አስቆመችው።

«ለማን ጻፉት?»

«እርሳሱ ደብዝዞ ስለማይነበብ ግልባጭ ይጻፍልኝ ተብዬ ነው። ታካሚዋ የፈረመችበት ማመልከቻ ይዞ የመጣ ሰው ነበር። ፈቃዷ ስለሆነ ጻፍሁ። አንድ ቅጂ ብቻ። ከላይ የክሊኒኩ ስም፣ ከታች የእኔ ፊርማና ማኅተም ነበረበት። እነሱን ሸፍኖ ነው ያባዛው።» ከመሳቢያቸው ረጅም የርክክብ መዝገብ አወጡ። «አንድ ቅጠል ከዚህ ሲወጣ የተረከበው ሰው ይፈርማል።»

በዚህ ጊዜም የሌሎች ታካሚዎችን ስም በማስመሪያ ከለሉ። ተናኘወርቅ ከማስመሪያው ሥር ያለውን ስም አነበበች። ከዚያ ሚናስ እንዲያነብ ዞር አለችለት።

«ዮኤል» አለ ሚናስ። «ልቡ የተነካው ሰውዬ!»

የቀረው ፈጣን ነበር። ተናኘወርቅ ሙስዓብ ጋ ደወለች። «ማክሰኞ እንፈራረማለን ብለውኝ ነበር። ማን ነገረዎት?»

«ጠበቃዋ ነዋ። ቅዳሜ ጠዋት መልእክት ላከልኝ። ይኸው፣ ስልኬ ላይ አለ፤ ‹ሐሳቧን ትለውጣለች፤ ማክሰኞ ትፈርማለች› ይላል። ዛሬ ግን አልመጡም።»

ቅዳሜ ጠዋት! ወረቀቱ የተለጠፈው እሁድ ነው። ዓርብ እምቢ ያለች ሴት ማክሰኞ እሺ እንደምትል ቅዳሜ ያወቀው፣ እሁድ የሚደርስባትን የሚያውቅ ሰው ነው።

ዮኤል ጣቢያ ሲጠራ ቦርሳውን ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ገባ። «አገኛችሁት?»

«ያንን ገጽ አይቼው አላውቅም ብለው ነበር።»

«አላየሁም።»

ተናኘወርቅ የርክክቡን መዝገብ ቅጂ ፊቱ አስቀመጠች። ቀጥላም የቅዳሜውን መልእክት። ዮኤል ሁለቱንም አያቸው። ውኃ ጠየቀ። በዚህ መሐል ሚናስ አታክልቲን አስገባው።

«እሱ ነው» አለ አታክልቲ፣ ሳይጠየቅ። «መነጽሩም ያው ነው።»

ዮኤል መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የጠበቃ አልነበረም። «ግልባጩን ያመጣሁት ለደግ ነበር። ዳኛው የቱን ገጽ መክደን እንዳለበት ለማስረዳት።»

«ከዚያስ?»

«ክሱ ገና ዓመት ሁለት ዓመት ይፈጃል። ሳንባዋን አይተውታል? ሳትፈርም ትሞታለች። እርቁ ጥሩ ነበር። ለእሷም...»

«ለእርስዎም።»

«ለእኔም» አለ። «ከእርቁ ድርሻዬን አገኝ ነበር። ያን ወረቀት ካየች ችሎት መቆም ታፍራለች፣ እርቁን ትቀበላለች ብዬ ነው። አንድ ቀን አፍራ ብታርፍ ይሻላታል አልሁ።»

«ምስጢሯን አምና የሰጠችዎት እንዲከድኑላት ነበር፣ አቶ ዮኤል» አለች ተናኘወርቅ። «ለሞቷ ካሰቡላት ለኑሮዋም ማሰብ ነበረብዎት።»

ሐሙስ ጠዋት ጥሩነሽ ከእሪ በከንቱ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ጣቢያ መጣች። ሦስት ጊዜ ቆማ እንዳሳለች ሚናስ በመስኮት አይቷል፤ ወንበር አምጥቶ በሩ ላይ ተቀበላት። አቶ ነጋሽም ለምስክርነት መጥተው ነበር። ሲያዩዋት ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ እንጂ እንደሚያውቋት የሚያሳይ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጥሩነሽ ነገሩ ገባት። እሷም ጎንበስ ብላ መለሰች።

ተናኘወርቅ ማን እንደሆነ ስትነግራት ጥሩነሽ ዓይኗን ጨፈነች። እጆቿ ጭኗ ላይ ተጨብጠው ቆዩ።

«ልጄ ነበር የምለው» አለች። ከዚያ ደግሞ፦ «ሰፈሩ እንዴት እንደተቀበለኝ ታውቂያለሽ? እሁድ ማታ ሴቶቹ ተሰብስበው ቤቴ መጡ። ስለ ወረቀቱ አንዲት ቃል ያነሣ የለም። ስለ ልጄ ጠየቁኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ጠርቼ አወራሁ። ምኞት ነበር ስሙ። አብጄ ነበር፤ አዎ። ልጇን ቀብራ ማበዷ ማንን ያሳፍራል? ያሳፈረኝ ሳልጠየቅ መነገሩ ነው።»

«ክሱንስ?»

«ሌላ ጠበቃ ይዣለሁ። ልጅ እግር ናት፤ ከመፈረሜ በፊት እያንዳንዱን መስመር ታነብልኛለች። አየር ሳይገባ አንፈራረምም።»

ተናኘወርቅ የምርመራውን መዝገብ አቀረበችላት። «ይህ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ከፈለጉ ስምዎ እንዲከለል ማመልከት እንችላለን። በስምዎ ፈንታ ሌላ መለያ ይገባል።»

ጥሩነሽ ወደ መዝገቡ ጎንበስ አለች። መልሳም በኩራት ቀና አለች።

«ስሜንማ ጻፊው» አለች። «ጥሩነሽ ተክለሃይማኖት ብለሽ፣ ከነአባቴ። ስሜን የሚያስደብቅ ሥራ አልሠራሁም። ያንን ገጽ ግን ዝጊው፤ እሱ የእኔና የልጄ ነው።»

ተናኘወርቅ የተለጠፉትን ሦስት ወረቀቶችና የዚያን ገጽ ቅጂ በፖስታ ከተተች። ሚናስ ለማሸጊያ ሰም አቀለጠ። አቶ ነጋሽ ከወንበራቸው ሆነው «በደንብ ይድረቅ፣ ልጄ፤ አትቸኩል» አሉት። ጥሩነሽ ማኅተሙ እስኪደርቅ ድረስ ቆማ ጠበቀችና፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፒያሳ ወጣች።